ዶሮዎቼ ሁዳዴን አይጾሙም

የሚጾም ሰው ዶሮ ይገዛል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አዎ፣ ይገዛል እላችኋለሁ። እኔ ገዝቻለሁ። ያውም በሁዳዴ መግቢያ፣ ያውም ከነነፍሳቸው፣ ያውም ለክፉ ቀን ብለን ያስቀመጥነውን ገንዘብ ጠራርጌ። ምን ነክቶሽ ነው ካላችሁኝ መልሴ አጭር ነው፤ ተምሬ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከባሌ ነው፤ ሁሌም ከእሱ ነው የሚጀምረው። ደረጀ እዚህ ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ከተማ፣ አንድ ያገራችን ሰው በከፈተው ሆቴል የጄኔሬተር ቴክኒሻን ነው። የዚህ ከተማ ሆቴል ያለ ጄኔሬተር አይኖርም፤ ስለዚህ ባሌ ሥራው ቦታ የተከበረ ሰው ነው። ሎሎጎ ሰፈር የተከራየናት ቤታችን ግን መብራት የላትም። ለሰው ሲያበራ ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባው ግድግዳ እየዳበሰ ነው። ደሞዙም በፓውንድ ነው፤ ፓውንድ ደግሞ ጠዋት የገዛውን ማታ አይገዛም። እኔ የቤት እመቤት ነኝ፤ ማክዳና ቢኒ የሚባሉ ሁለት ልጆች አሉን። ወሩ ሳይጋመስ እጄ ያጥራል። "ደሬ፣ ብር አለቀ" እላለሁ። "የት ሄደ?" ይላል። "በላሁት" እላለሁ። ከዚያ እንኮራረፋለን፤ ልጆቹም ድምፃቸውን ቀንሰው ይጫወታሉ። ደሞዙ ይዘገያል እንጂ ይሄ ጠብ አንድም ወር ዘግይቶ አያውቅም።

ጥምቀት በወጣ ሰሞን ግን "ብር አለቀ" ስለው ደረጀ አልተቆጣም። እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። አጠገቤ ቁጭ አለና በለሰለሰ ድምፅ "ስሚኝማ፣ ከፋሲካ በኋላ አንቺና ልጆቹ አዲስ አበባ ብትገቡ ይሻላል። እትዬ አልማዝ ጋ ትቀመጣላችሁ፤ እኔ እዚሁ ሆኜ እልክላችኋለሁ" አለኝ። እትዬ አልማዝ ታላቅ እህቱ ናት። ደግ ሴት ናት፣ ክፋት አታውቅም። እኔ ግን ባል ያገባሁት በስልክ ላወራው አይደለም። ቤተሰቡን ሸኝቶ እዚህ የቀረ ሰው ስንቱን አይቻለሁ። ልጆቹ ለስልክ "አባዬ" እያሉ ያድጋሉ፤ በዓመቱ ሲያዩት እናታቸው ቀሚስ ሥር ይደበቃሉ።  "እስከ ፋሲካ ስጠኝ" አልኩት፣ "በዚሁ በደሞዝህ ቤቱን አብቃቅቼ ካላሳየሁህ ሻንጣዬን ራሴ አስራለሁ።" ምን ተማምኜ እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

እግዜር ጨርሶ አይጥልምና በዚያው ሰሞን የሐበሻው ኮሚኒቲ የሴቶች ማኅበር ለቤት እመቤቶች የገንዘብ አያያዝ ሥልጠና አለ አለ። አሠልጣኟ ትዕግሥት የምትባል ባንክ የምትሠራ ልጅ ናት። ቀጭን ናት፣ ፈጣን ናት፣ ስትናገር የሰው አፍ ታስከፍታለች። እኔ ግማሽ ልቤ ትምህርቱ ላይ፣ ግማሹ ሻይ መቼ ይመጣል የሚለው ላይ ሆኖ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ግን "ወር ሳይጋመስ ብር አለቀ የምትሉ እጃችሁን አውጡ" ስትል አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። እኔ ብቻ እየመሰለኝ ስንት ዘመን አፍሬያለሁ መሰላችሁ። ከዚያ በኋላ ሻዩም ቢቀር ግድ አልሰጠኝም።

ምን አለፋችሁ፣ ተለውጬ መጣሁ። ትዕግሥት ገንዘብ ገና እጅ ሲገባ ይከፋፈል ስላለች ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮዎች ሰበሰብኩና አንዱን ለምግብ፣ አንዱን ለቤት ኪራይና ለትምህርት ቤት፣ አንዱን ለክፉ ቀን አደረግኩ። አስፈላጊውን ከፍላጎት ለዩ ስላለች ደግሞ ቤቱን በሙሉ መለየት ጀመርኩ። ደረጀ ካልሲ ልግዛ ሲል "የቀድሞውን አምጣው ልየው" እለዋለሁ። አውራ ጣቱ በቀዳዳው ወጥቶ እያየሁት "ገና ነው" አልኩት። ቢኒ ቃሉን እኔ ካሰብኩት በላይ ያዘው። ገላህን ታጠብ ስለው "ማሚ፣ መታጠብ አስፈላጊ ነው ወይስ ፍላጎት?" ይለኛል። ደረጀ በዚያን ሰሞን ቡና ውስጥ የሚጨምረው ስኳር ላይ ሳይቀር ዓይኔ ሲያርፍ "ሴትዮ፣ ባንክ ቤት ነው ያገባሁት እንዴ" አለ። ያም ሆኖ የክፉ ቀኑ ቆርቆሮ ውስጥ ቀስ በቀስ ገንዘብ ተጠራቀመ። እኔ ደግሞ የተጠራቀመ ገንዘብ ሲያይ እጁ የሚበላው ሰው ነኝ።

ጥፋቱ የትዕግሥት አይደለም፤ እሷ በትክክል ነው ያስተማረችው። "ሰው በማይፈልገው ጊዜ ገዝታችሁ ሰው በሚፈልገው ጊዜ ሽጡ" አለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹ ያለፈው ፋሲካ ዶሮ ስንት እንዳስወጣቸው እያማረሩ ሲያወሩ እንደ መብረቅ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዶሮ በፋሲካ ይወደዳል። ዶሮን ማንም የማይፈልገው መቼ ነው? በሁዳዴ። ስለዚህ ጾሙ ሲገባ በርካሽ ገዝቼ፣ ለፋሲካ ለሐበሻው በሙሉ አከፋፍላለሁ። እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሀብታም ሆኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጎረቤቴ ማማ ቾልን ይዣት ጉምቦ ወረድኩ። ማማ ቾል ጋምቤላ ያደገች የደቡብ ሱዳን ሴት ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል፣ የወንዙ ወደብ አካባቢ ሻይ ትሸጣለች። ጉምቦ ከወንዙ ድልድይ ማዶ ያለ ገበያ ነው፤ ከዩጋንዳ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ የሚያልፍበት። ዶሮ ነጋዴው የጠራው ዋጋ ዓይኔን አስፈጠጠው። "ንገሪው፣ ጾም ገብቷል፣ ማን ሊገዛው ነው?" አልኳት። ማማ ቾል በዐረብኛ ነገረችው። ሰውየው ዙሪያውን አየ። ከግራችን ሰዎች ሥጋ እየጠበሱ ነው፣ ከቀኛችን ሰዎች የተጠበሰውን እየበሉ ነው። "ማን ነው የሚጾመው?" አለ። "እኔ" አልኩ። ማማ ቾል እስክትተረጉም ድረስ ሳቅ ሊጥላት ነበር። ያን ጊዜ መመለስ ነበረብኝ፤ ሁሉን ነገር ያገናዘብኩ መሰለኝ እንጂ የእኛ ጾም ድልድዩን እንደማይሻገር አላሰብኩም። ግን ገንዘብ ይዞ ከቤት የወጣ ሰው ባዶ እጁን መመለስ እንዴት እንደሚከብደው ታውቃላችሁ። ቡናማ፣ ወፋፍራም፣ ደርዘን ሊሞሉ ትንሽ የቀራቸው ዶሮዎች ገዛሁ። ሰውየው ሊሸኘን ሲል አንድ ነገር አለ። "እንቁላል በየቀኑ ይጥላሉ፣ የዚያ ዘር ናቸው ይላል" አለችኝ ማማ ቾል። "እንቁላሉን ለራሳቸው ይጣሉ፣ እኔ የምፈልገው ሥጋቸውን ነው" አልኩ በኩራት።

ቦዳ በሚሉት የሞተር ሳይክል ታክሲ ተመለስን፤ ሁለታችን ከሹፌሩ ኋላ፣ ዶሮዎቹ እግራቸው ታስሮ ከመሪው ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው። ድልድዩ መሐል ላይ አንዷ ገመዷን በጥሳ ወረደች። ነጠላዬን አገልድሜ ከኋላዋ ሮጥኩ። የጭነት መኪናዎቹ ቆሙ፣ ሰው ከመኪናው ወርዶ "ከዚህ፣ ከዚህ" እያለ ያግዘኛል፤ በመጨረሻ ጥበቃ ላይ የነበረ አንድ ወታደር ባርኔጣውን ደፍቶባት ያዛት። ሲያስረክበኝ ሰላምታ ሰጠኝ።

ደረጀ ማታ ሲመጣ ዶሮዎቹ በር ላይ ተቀበሉት። ቆሞ አያቸው፣ እኔን አየ፣ እንደገና አያቸው።

"ጾም ነው" አለ።

"አውቃለሁ።"

"እነዚህስ?"

"ኢንቨስትመንት ናቸው።"

ደረጀ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠ። የክፉ ቀኑ ቆርቆሮ ባዶ መሆኑን ስነግረው "ክፉ ቀኑ ደርሶ ነዋ" አለ። ግን ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ የሚያጉረመርመው በአፉ ብቻ ነው። በነጋታው ጄኔሬተር ከመጣበት የእንጨት ሣጥን ቤት ሠራላቸው። ከሆቴሉ የተረፈ ዳቦ በፌስታል ይዞ መምጣት ጀመረ። ውሎ አድሮ ሞተር ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው አንገቱን ዘመም አድርጎ "ይቺ ድምጿ ልክ አይደለም" ሲል ሰማሁት። እኔን ሳል ሲይዘኝ እንኳ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም።

ከዚያ እንቁላሉ መጣ። የመጀመሪያዋን ማክዳ አግኝታ ስታመጣት ደስ አለን። በማግሥቱም ደስ አለን። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሣጥኑ ውስጥ እጄን ስሰድ የሚቆጠር አይደለም፤ ነጋዴው አንዲትም ቃል አልዋሸም። እኔና ደረጀ ጾመኞች ነን፤ የማውቀው ሰው በሙሉ ጾመኛ ነው። ማቀዝቀዣ የለንም፣ የጁባን ሙቀት ደግሞ አታውቁትም፤ ድንጋይ ያሞቃል። ልጆቹ ዕድሜያቸው ለጾም ስላልደረሰ መጀመሪያ በእነሱ ተማመንኩ። ጠዋት ጥብስ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቅቅል፣ ማታ በቲማቲም። ሳምንት ሳይሞላ ቢኒ ሳህኑን ገፋ አድርጎ "ማሚ፣ እኔም ልጹም" አለኝ። ማክዳ ቀድማው ጀምራ ነበር።

ጭንቅ ሲለኝ አንድ ትሪ በነጠላ ሸፍኜ ወደ ማኅበራችን ይዤ ሄድኩ። ልጅ ያላት ትገዛኛለች ብዬ ነው እንጂ ክፋት አልነበረብኝም። አንዲት ትልቅ ሴት ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩና "ልጄ፣ ዛሬ ዓርብ ነው" አሉኝ። በሁዳዴ ዓርብ። ነጠላቸውን ከእኔ ሰብሰብ አድርገው ትንሽ ፈቀቅ አሉ። የያዝኩትን ይዤ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ሁለቱ ተሰበሩ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም፣ ሁለት ተቀነሰልኝ ማለት ነው።

ሳቁ ግን እየቀነሰ ሄደ። የሆቴል ዳቦ አልበቃ ብሎ በቆሎ መግዛት ጀመርኩ። የምግቡ ቆርቆሮ ተራቆተ። አንድ ጠዋት እጄ ወደ ኪራዩና ወደ ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ሲሄድ ራሴን ያዝኩት። እሱ ከተነካ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ፋሲካን እንኳ ሳንጠብቅ ልጆቼን ይዤ አውሮፕላን ልሳፈር ነው፤ ያውም ለዶሮ ቀለብ ብዬ። ሣጥኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማማ ቾል ከአጥሩ ወዲያ ሰማችኝ።

"ማን ሞተ?" አለች።

"ማንም አልሞተም፣ እነዚህ ናቸው የሚገድሉኝ። ጾም መግባቱን ማን በነገራቸው።"

"እህቴ፣ አንቺ ሐበሻ ብቻ ነው የምታይው" አለችኝ። "ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክመው የሚውሉት ልጆች ጠዋት ሻይና ማንዳዚ የሚባል የተጠበሰ ሊጥ ብቻ ነው የሚበሉት፤ ሁሌ ሌላ ነገር የለም ወይ ይሉኛል። ቀቅለሽ አምጪ።"

"ይዘሽልኝ ሂጂ በሞቴ።"

"እኔ ሻይ ነው የምሸጠው። እንቁላሉ ያንቺ ነው።"

እናንተዬ፣ ያን ቀን እንዴት እንዳፈርኩ። ከአዲስ አበባ ስመጣ እናቴ ለጎረቤት ሁሉ "ባሏ ውጭ አገር ሆቴል ውስጥ ነው" ብላ አውርታልኛለች። አሁን እኔ በወደብ፣ በሳፋ፣ እንቁላል። ፊቴን እስከ ዓይኔ ተሸፋፍኜ ሄድኩ። ትልልቅ የጭነት ጀልባዎች ዳር ቆመዋል፤ ልጆቹ ጆንያ በትከሻቸው አድርገው በሳንቃ ላይ ይወርዳሉ። ማማ ቾል አጠገቧ በርጩማ ሰጠችኝ። ለማጣፈጫ ሻታ የሚሉትን ያገሩን በርበሬ ስላላገኘሁ ከቤት ጨውና ሚጥሚጣ ደባልቄ ነበር። የመጀመሪያው ልጅ እንቁላሉን ሚጥሚጣው ውስጥ ነክሮ ጎረሰ። ዓይኑ በእንባ ሞላ። ገደልኩት አልኩ። ልጁ አፍንጫውን ጠራረገና እጁን ዘረጋ፤ ሌላ ጨምሪ ነው የሚለው። ጓደኞቹን ጠራ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሳፋው ባዶ ሆነ። በሳምንቱ "ማማ ሐበሻ" እያሉ ከጀልባው ላይ ሆነው ነበር የሚጠሩኝ።

አንድ ነገር ይመዝገብልኝ፤ ያን ሁሉ እንቁላል ስልጥ ከርሜ ጣቴን እንኳ አልላስኩም።

የመጀመሪያውን ቀን ገቢ ይዤ ስመለስ ለማክዳ የበዓል ቀሚስ ገበያ ውስጥ ዓይቼ እግሬ ቆመ። የትዕግሥት ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ ዋናውን አትብሉ፣ መጀመሪያ ለሥራው፣ ቀጥሎ ለቤት፣ ከተረፈ ለሌላው ትል ነበር። ልጅቱን ረገምኳትና በቆሎ ገዝቼ ገባሁ። ሌላ ቆርቆሮም ጨመርኩ፤ የዶሮዎቹ ደሞዝ። የእነሱ ደሞዝ ከደረጀ ደሞዝ በተለየ አንድ ቀን ተዛንፎ አያውቅም። እነሱ በደንብ ሲበሉ በደንብ ጣሉ፤ በደንብ ሲጥሉ የምግቡ ቆርቆሮ ሞላ፤ ባዶው የክፉ ቀን ቆርቆሮም ገንዘብ መያዝ ጀመረ። ቀሚሱም ቆይቶ ተገዛ።

ለደረጀ ግን እውነቱን አልነገርኩትም። "እንቁላሉን ማማ ቾል ትወስዳለች" ብቻ ነው ያልኩት። ወንድ ልጅ ሚስቴ ወደብ ቁጭ ብላ ትሸጣለች ሲባል ምን እንደሚሰማው ስለማውቅ ነው። እሱ ደግሞ ሌላ ነገር አስጨነቀው። ወሩ ተጋመሰ፤ ብር አለቀ አላልኩም። ሌላ ሳምንት አለፈ፤ አሁንም ዝም።

"አሞሻል?" አለኝ።

"ደህና ነኝ።"

"ብር... አላለቀም?"

"አላለቀም።"

ግንባሬን ነካ። በማግሥቱ ደግሞ ጠየቀኝ። የለመደው ጠብ ሲቀርበት ግራ ገባው፤ ማታ ማታ ከሥራ መጥቶ ምን ማድረግ እንዳለበት ስለማያውቅ ልጆቹን እያጫወተ ያመሽ ጀመር። ቢኒን ጀርባው ላይ አዝሎ ቤቱን ሲዞር፣ ማክዳ ስትጮህበት፣ እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አንድ ቀን ማክዳ "አባዬ አሁን ጥሩ ሆኗል" አለችኝ። አባቷ ድሮም ጥሩ ነው፤ ወሩ ነበር ክፉ።

እንግዲህ ጉዱ የፈላው በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ነው። በራችን ተንኳኳ። ስከፍት የኮሚኒቲው ሊቀ መንበር ጋሽ ተፈራ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል፤ ሦስቱም ነጠላ ለብሰዋል፤ ሦስቱም አይስቁም። ያገሬ ሰው ሆኖ ይሄን አይቶ የማይገባው የለም። ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ የሚመጣው መርዶ ሊያረዳ ነው።  ደረጀ ከአልጋው ተነሥቶ ሲያያቸው ፊቱ አመድ መሰለ።

ገቡ፣ ተቀመጡ፣ መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና "ደረጀ፣ ሰው ሆኖ የማይደርስበት የለም" አሉ።

ደረጀ ራሱን ያዘ። "እትዬ ናት?" አለና እሪ ብሎ አለቀሰ። እኔም ተከተልኩ። ልጆቹ እኛን አይተው ተከተሉ። ጋሽ ተፈራ የእኛን ልቅሶ ሲያዩ "አይዞህ፣ ይሄም ያልፋል፣ እኛ እያለን ጎዳና አትወጣም" እያሉ አብረውን አለቀሱ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ለጥቂት ጊዜ ቤቱ እንደዚያ ሆነ፤ ማን ለማን እንደሚያለቅስ ሳይታወቅ። ከዚያ ጋሽ ተፈራ ከኪሳቸው ፖስታ አውጥተው ደረጀ ጉልበት ላይ አኖሩ። "ካለን አዋጥተን ነው። ለልጆቹ ትሁን።"

ደረጀ ልቅሶውን አቆመ። "ልጆቼ ምን ሆኑ?"

"ሥራህን ማጣትህን ሰምተናል። ባለቤትህ ወደብ እንቁላል ስትሸጥ ዕቃ ሊያወርድ የሄደ ልጃችን አይቷታል። ለምን ሳትነግረን?"

ደረጀ ስልኩን አንሥቶ ደወለ። "እትዬ? በሕይወት አለሽ?" አላት። የእትዬ አልማዝ የእንቅልፍ ድምፅ እስከ እኛ ይሰማ ነበር፤ "ሰከርክ እንዴ በጾሙ" አለችው። ስልኩን ዘጋና ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሦስቱ ሽማግሌዎችም ዞሩ። ከሣጥኑ አንዷ ዶሮ ጥላ ስለጨረሰች ለሰፈሩ በሙሉ ማወጅ ጀመረች። ምን ይዋጠኝ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ከጉምቦው ገበያ እስከ ሚጥሚጣው። ስጨርስ ጋሽ ተፈራ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ፖስታውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ሊወጡ ሲሉ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብለው "ለፋሲካ ሁለቱን ትሸጪልኛለሽ?" አሉኝ። ያን ሁሉ መከራ ያየሁት ለዚህች ጥያቄ ነበር እኮ። "አልሸጥም ጋሼ" አልኳቸው፣ "ሥራ ላይ ናቸው።"

ደረጀ ግን አልሳቀም። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረኝም። አፍሮብኛል ብዬ ደመደምኩ፤ እኔ ያዳንኩት መስሎኝ ሰው ፊት አዋርጄዋለሁ። ሻንጣው አልጋ ሥር አለ፤ አቧራውን ጠረግሁለት። ሰኞ ወደብ ሄጄ ስልጥ ቀና ስል ደረጀ ከተሸካሚዎቹ ልጆች ኋላ ቆሞ ያየኛል። ከሥራ አስፈቅዶ መጥቷል። ሕማማት ስለሆነ ሰላም አላለኝም፤ አልቀመሰም፤ ዝም ብሎ አየኝ። ልጆቹ ሲስቁ፣ እኔ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ስመልስላቸው፣ ማማ ቾል ሻይ ስትቀዳ፣ ሁሉን አየ። ሲያልቅ ሳፋውን አንሥቶ ራሱ ተሸከመው። መንገዱን በሙሉ ዝም እንዳለ ነው የሄድነው። ከዚህ ዝምታ ጠብ ይሻለኝ ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ግቢው በዶሮ ተሞልቶ እኔ ለዶሮ ወጡ ከሱፐርማርኬት በረዶ የሆነ የውጭ ዶሮ ገዛሁ። ሳቁብኝ፤ ሕግ ሕግ ነው፣ ዋናው አይበላም። እንቁላሉ ግን የቤታችን ነበር፤ ለያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ደረሰው፤ ልጆቹ እንኳ በሉ። ማማ ቾልም ከነልጆቿ መጣች። ደረጀ የመጀመሪያውን ጉርሻ አጣጥሞ ዓይኑን ጨፈነ። በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ፤ እትዬ አልማዝ ናት፣ እንኳን አደረሳችሁ ልትል።

ድስቱ ላይ አጎንብሼ ጆሮዬን አቆምኩ። እትዬ ጮክ ብላ ነው የምታወራው። "ልጆቹ መቼ ነው የሚመጡት? የኋላውን ክፍል ቀለም አስቀብቼ ጠብቄያለሁ እኮ" አለችው።

 ቢኒ ጭኑ ላይ ተቀምጦ የእንቁላል አስኳል ሸሚዙ ላይ ይጠርጋል፤ ማክዳ አዲሱን ቀሚሷን ለማማ ቾል ልጅ ለቾል እያሳየች ትሽከረከራለች። ወደ እኔ አላየም። እኔም ማማሰያውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

"እትዬ" አላት በመጨረሻ፣ "ክፍሉን አከራዪው።"